ሲኒማ ቤት የተባለው ሱቃችን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለኢማን፣
ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን አለሽልን? ሙቀቱ ጋብ አለልሽ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ ዕረፍት ይሰጡሻል ወይ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ታማርራለች እንጂ ገበያ መውጣቱን አልተወችም።

ከሱቃችን ፊት ለፊት የነበረው ሲኒማ ቤት ፈረሰ። አንቺ የምታውቂው የበቆሎ መጋዘን ሆኖ፣ በኋላም እሁድ እሁድ መዝሙር ሲሰማበት ነው። ኦቦ ኩማ ግን በንጉሡ ጊዜ በሩ ላይ ቲኬት ይቆርጡ ስለነበር፣ ቀያዩን ወንበርና ሰገነቱን፣ ፊልም ለማየት ከአርጆ ድረስ በጭነት መኪና ይመጣ የነበረውን ሰው እያነሱ ያጫውቱናል። በደርግ ጊዜ የስብሰባ አዳራሽ ሲሆን ወንበሮቹ የት እንደገቡ አይታወቅም። ፊልሙ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ሰዉ ግን ሲኒማ ቤት ማለቱን አልተወም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከጊዳ አያና የተፈናቀሉ ሰዎች ተጠልለውበት ነበር። ከእነሱ መሀል ድርቤ የምትባል ሴት አለች። ሲሸሹ ከባሏ ከቶላ ጋር ጫካ ውስጥ ተጠፋፉ፤ ስልካቸውም ከቤታቸው ጋር ተቃጠለ። ዓባይን ተሻግሯል ሲባል ሰምታ በአንድ የእህል ነጋዴ አፍ «ነቀምቴ ሲኒማ ቤት ነኝ» ብላ ላከችበት። መልስ አልመጣም። ሌሎቹ ወደ ቀያቸው ሲመለሱ እሷ ቀረች። እማዬ የጓሮዋን ክፍል ሰጠቻት፤ ሱቅም ታግዘን ጀመር።

ክረምት ላይ አዳራሹን ማፍረስ ሲጀምሩ ድርቤ እህል አልቀምስ አለች። «አሁን ቢመጣ ምን ብሎ ይጠይቃል?» አለቻት እማዬን። አባባ ሰምቷል። ታውቂው የለ፣ ዕድሜውን ሙሉ ፊት ለፊቱ ሲነግድ ፊልም የሥራ ፈት ነው እያለ አንድም ቀን አልገባበትም። በማግስቱ ጽሑፍ የሚሥለውን ኢቢሳን ጠርቶ የሱቁን ስም አስቀየረ። ሲኒማ ቤት ተብሎ በአማርኛም በኦሮምኛም በትልቁ ተጻፈ። ነጋዴው ሁሉ ሳቀብን። «ሐጂ፣ ፊልሙ በስንት ሰዓት ነው?» ሲሉት፣ አባባ ሳይስቅ «ዱቄቱ ተሽጦ ሲያልቅ» ይላቸዋል።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት አንድ የከሳ ሰው ከባጃጅ ወርዶ የፈረሰውን ቦታ ሲያይ ቆየ። ዞር ሲል የእኛን ጽሑፍ አነበበና ገባ። በኦሮምኛ «እዚህ የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ?» አለ። አባባ ስሙን ጠየቀው። «ቶላ» ሲለው የያዘውን ሚዛን ትቶ «ሱሀይብ፣ ድርቤን ጥራት» አለኝ።

እጇ ዱቄት እንደሆነ መጣች። ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና «በልተሃል?» ብቻ አለችው። እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። መልእክቷ የደረሰው ገና ዘንድሮ ነው። አባባ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋ።

አሁን እኛው ዘንድ ናቸው፤ የእርሻቸው ነገር እስኪለይ እዚሁ ይከርማሉ። የሱቁን የቀድሞ ስም እንመልስ ወይ ብዬ ብጠይቀው አባባ «ሰው የጠፋበት እሷ ብቻ አይደለችም፤ ይቆይ» አለኝ።

እማዬ ዓይንሽን ትስማለች። አባባ ዱዓ ላይ ሳያነሳሽ አይውልም። የታናሻችን የሶፊ ቁመት እኔን ደርሷል፤ ፎቶሽን ላኪ ብላሻለች። ኦቦ ኩማም ሰላም ብለውሻል። ድርቤና ቶላ ባያውቁሽም እህታችን ናት ብለው ሰላምታ ልከዋል። አላህ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ ሱሀይብ
ነቀምቴ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.