አሥራ ሁለት ቮልት

ለናፈቅሽኝ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔና እናትሽ፣ ከአሮጊቷ መኪናችን ጋር፣ እንደምታውቂን አለን።

መኪናዋን ከስድስት ቮልት ወደ አሥራ ሁለት አዛወርኳት። መብራቷ ደክሞ መንገዱን አላሳይ ብሎኝ ነበር። ባትሪው፣ ዲናሞው፣ አምፖሉ ሁሉ ተቀየረ። የመስታወት መጥረጊያውን ሞተር ግን በስድስት ቮልቱ ተውነውና አሁን ውሻ እንዳባረረው ሰው ይሮጣል። እናትሽ በሳቅ ሞተች።

ሥራው ሲያልቅ የሠራልኝን ኤሌክትሪሺያን ከመኪናዋ ፊት አቁሜ መብራቱን አበራሁት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ «ኧረ አባባ፣ ዓይኔን አጠፉት! ያጥፉልኝ!» ብሎ ጮኸ። ቀጣፊ! እኔ የማየው ያንኑ የድሮውን ጭላንጭል ነው። ርካሽ አምፖል ነው የገጠምክልኝ ብዬው ተጣላን። ሌላ ቦታ ሄጄ ሌላ አስገጠምኩ፤ እሱም ያው ነው። የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ሆኗል።

እናትሽ የዚያን ቀን መሳቋን ተወች። የመኪናዋን ቁልፍ ከተሰቀለበት አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች፤ ለምን ስላት ሻይ ልታፈላ ትነሳለች። ሻይዬንም ድሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር የምታስቀምጥልኝ፤ አሁን እጄን ይዛ ታስጨብጠኛለች። እርጅና ሰው ያለሰልሳል መሰለኝ።

የልጅሽ ፎቶ ደርሶኛል። እናትሽ ቁርጥ አንቺን ነው ትላለች።

ፊደሉ ቢገዝፍብሽ፣ መስመሩም ቢጣመም፣ እስክሪብቶው ነው።

በይ ደህና ሁኚልኝ። ቤቱም ሰፈሩም መብራቱ ደክሟል፤ ስትመጪ በር ላይ ዝም ብለሽ እንዳትቆሚ። «አባዬ» በይኝ።

አባትሽ