ከካቡ ሥር የተቀበልኩት አደራ

ጥቅ. 18፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ከጧት ጀምሮ የሚመጣብኝ በሽተኛ ሁሉ ንዳድ፣ ንዳድ፣ ንዳድ። ክሎሮኪኑ ሊያልቅ ነው። ይላካል ካሉኝ ወር አለፈው። አንቺ ደብተር እንኳ በላቤ ወረቀትሽ ተጣበቀ። ሽንፋ በጥቅምት እንዲህ ናት፣ ለማን ይከሷታል።

ሁለት የጎጃም ወንድማማቾች መጡ። ታላቁ ታከለ፣ ታናሹ አበጀ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱ ሳሉጎች። ታናሹ በታላቁ ጀርባ ታዝሎ ነው የመጣው። ግንባሩን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ክሊኒኬ አንድ ክፍል፣ አልጋ የላትም። መርፌ ወጋሁት፣ ኪኒን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ምን አደርጋለሁ?

ታከለ ማደር አይችልም። ሰሊጡ ደርሷል፤ ቀን ካለፈበት ይረግፋል። ጓደኞቹ ወደ ኮኪት ሊነሱ መኪና ላይ ወጥተዋል። እነዚህ ሰዎች ልማድ አላቸው፤ የታመመባቸውን ከወንዙ በላይ ካለው የድሮ ካብ ሥር ያስተኛሉ፣ ለሚያምኑት ሰው አደራ ይሰጣሉ፣ ሲመለሱ ከዚያው ያነሡታል። ሌላ መገናኛ የላቸውም። ካቡን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

አደራውን ለእኔ ሰጠኝ። የወንድሙን እጅ በእጄ አስጨብጦ፣ አደራ በሰማይ አደራ በምድር አለኝ። እኔ ሞኟ፣ ስትመለስ ከዚሁ ታገኘዋለህ አልኩት።

20፣ ረቡዕ፣ ማታ

አበጀ ትንሽ ተሻለው። አጥሚት ወሰድኩለት፣ ግማሹን ጠጣ። ለጥምቀት ሊያገባ ነው። ስለ ልጅቱ ስጠይቀው ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ፀሐዩ ሲበረታ ወንዝ ዳር ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ውረድ ብለው አሻፈረኝ አለ። ወንድሜ መጥቶ ቢያጣኝስ ይላል። ገና ሁለት ቀኑ እኮ ነው፣ ወንድምህ ክንፍ የለው፣ ብዬ ቀለድኩበት።

ማታ የቀበሌ ስብሰባ። ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከአዲስ አበባ፣ ፈረንጆችም አሉበት። ለአንድ ቀን። ወንዙን ከገደሉ አፋፍ ሆነው ያያሉ፣ ጥንታዊውን ካብ ይጎበኛሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። የት/ቤቱ መምህር ታሪክ ያስረዳል። የቀበሌው የኪነት ቡድን ይዘፍናል። እኔ የመድኃኒት ቦርሳ ይዤ እከተላለሁ።

22፣ ዓርብ፣ 11 ሰዓት

ካቡን ኖራ ቀቡት! የጥንት ነው ብለው ሊያሳዩት፣ ትናንት የተሠራ አስመሰሉት። መምህሩ እርጥቡን ኖራ በጣቱ ነክቶ አየው። ሳቄ አመለጠኝ።

ብዙ አልሳቅሁም። ሊ/መንበሩ ከካቡ ሥር ያሉትን ሳሉጎች በሙሉ፣ ሥራ ጠባቂውንም በሽተኛውንም፣ ነገ ጎህ ሲቀድ በኤንትሬ የጭነት መኪና ጭነን ዞር እናደርጋለን አለ። ማታ ይመለሳሉ። አንዱ በጠና የታመመ ነው አልኩ። ቤቴ ላስተኛው አልኩ። ቤቴ እንግዶቹ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው፣ አይሆንም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንግዳ በሚመጣበት ቀን በሽተኛ ደጅሽ የምታስተኚው ለማን ሠርተሽ ነው አለኝ። አምና እንዲህ የተጠየቀው የመጋዘኑ ጸሐፊ እስካሁን አልተመለሰም። ወጥቼ ሄድኩ።

23፣ ቅዳሜ፣ ምሽት 1 ሰዓት

አበጀን መኪናው ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በራሴ ክንድ። አልሄድም ብሎ ድንጋዩን ያዘ፤ መዳፉ ኖራ ሆነ። ማታ ትመለሳለህ፣ እኔ አለሁልህ አልኩት። አመነኝና ለቀቀ።

እንግዶቹ በአራት ሰዓት መጡ። አፋፉ ላይ ቆመው ወንዙ በነጭ አሸዋው መካከል ሲታጠፍ አዩ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ሁለት ዓመት ስኖር ቆሜ አላየሁትም። ፎቶ ተነሡ። መምህሩ በልምምዱ ላይ የነጋዴዎች መጋዘን ነበር ያለውን ካብ ዛሬ የነገሥታት ግንብ አደረገው። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ግንቡን ዳሰሰች፣ የነጣ እጇን አየች። ከጥጉ ሦስት ጉልቻ አገኘች፣ አመዱ ገና ትኩስ። እዚህ ማን ይኖራል ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ።

ሊ/መንበሩ ያየኛል።

“ማንም” አልኩ።

በዘጠኝ ሰዓት ሄዱ። ኤንትሬው እስካሁን የለም።

24፣ እሑድ

መኪናው መጣ። ሰሊጥ ጭኖ። ሹፌሩን ያዝኩት። ገንዳ ውሃ ከተማ ሊደርስ ሲል አውርዷቸዋል፤ ውሰድ ተባልኩ እንጂ መልስ ማን አለኝ አለ። ጤነኞቹን ባለ እርሻዎች እዚያው ቀጥረው ወሰዷቸው። የታመመውስ? ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። የቱ ዛፍ? ዛፍ ነዋ፣ አለኝ።

ወደ ሊ/መንበሩ ሮጥኩ። ሪፖርት እየጻፈ ነው። ጉብኝቱ በጣም ተሳካ አለኝ። ደስ ብሎታል።

28፣ ሐሙስ

ልሂድና ልፈልገው አልኩ፣ ከሥራ መጥፋት ነው ተባልኩ። ወደዚያ በሚሄድ ሰው ሁሉ መልእክት ላክሁ። ገንዳ ውሃ ጤና ጣቢያ አልደረሰም። አንዱ አየሁት ይላል፣ ሌላው መልኩ ምን ይመስላል ይለኛል። ጠይም፣ ቀጭን፣ ጋቢ የለበሰ እላለሁ። ከደጋ የወረደው ሁሉ ጠይም፣ ቀጭን፣ ጋቢ የለበሰ ነው። ሰው እንዴት እንደ መርፌ ይጠፋል? አቤት የምልበት የለኝም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ታከለ መጣ። ካቡ ሥር አጥቶት ወደ እኔ። ከስቷል፣ ጣቶቹ በማጭድ ተተልትለዋል።

“እታለም፣ ወንድሜስ?”

እውነቱን ልነግረው ነበር። በእናቴ ሞት፣ ልነግረው ነበር። ፊቱን አየሁና ጎንደር ሆስፒታል ልከነዋል አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ወልደሽ ሳሚ ብሎ መረቀኝ፣ አሜን እንኳ ማለት አቃተኝ። ነገ ጧት ወደ ጎንደር ይሳፈራል።

4፣ ረቡዕ፣ ጧት 12፡10

የጎንደሩ መኪና እየጫነ ነው። ረዳቱ ሲጣራ ይሰማኛል። ታከለ ላዩ ላይ ተቀምጦ ያንን ዛፍ ያልፈዋል። ጎንደር ገብቶ ከአልጋ አልጋ እየዞረ ወንድሙን ይጠይቃል፣ እኔ እዚህ መርፌ እየቀቀልኩ።

ነጠላዬን ለብሻለሁ። እነግረዋለሁ። በራሴ ክንድ ጭኜ የሰደድኩት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ካልገደለኝ አብሬው ወርጄ እፈልጋለሁ፤ ክሊኒኩን ያሻው ይክፈተው። ሞተሩ ተነሣ። ተነሽ እንጂ፣ አንቺ ሴት፣ እላለሁ። እግሬ ግን ገና ከጠረጴዛው ሥር ነው።