እታለም፣ ማንጎዎቹን አትቁረጪ

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

ያንን ማንጎሽን የፈጀውን ዝንብ ከምድር ላይ ሊያጠፋ የተነሳው ወንድምሽ ሰላምታው ይድረስሽ። እሺ፣ የተነሳችው እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዝንብ የምትመራመር አንዲት ተማሪ ናት፤ እኔ የምትሠራበትን ክፍል እወለውላለሁ። ግን ወለሉ ካልጸዳ ምርምሩ የት ይቆማል?

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሰው እጅ አልነካውም፤ ከማታ ትምህርት የወጣሁት ሊቅ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ፊደሎቹ ከተንጋደዱ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው።

አምስቱንም የማንጎ ዛፍ ልትቆርጪ ነው ሲሉኝ እህል አልወርድ አለኝ። ባልሽ ካረፈ ወዲህ ልጆችሽን ያሳደጉት እነሱ አይደሉ? ተማሪዋ ያንኑ መጤ ዝንብ በወንፊት ሣጥን ታረባለች። ዝንብ ደግሞ ይረባል ወይ ብዬ ስስቅባት፣ ቁጭ በል ጋሼ ብላ አስረዳችኝ። የወንዱን ዘር ትለውጠዋለች፤ ከዱር ሴት ጋር ሲዳቀል ሴቶች ልጆቹ ሳያድጉ ይሞታሉ፣ ወንዶቹ ብቻ ይተርፋሉ። ፍሬውን ወግታ እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ናት፤ ሴት ካለቀች ዘሩም አለቀ። የአጎታችን ቤት በይኛ አልኳት፤ ሰባት ወንድ ወልዶ ውሃ የሚያቀብለው አጣ። ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሣጥን ሙሉ ሞቶባት ስታለቅስ፣ መወልወያዬን እንደያዝኩ በር ላይ ቀረሁ። ለዝንብ ሲለቀስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ያንቺን ነገር ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። የወደቀውን ፍሬ መሬት ላይ አይተዉት፣ ትሉ አፈር ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል፤ በላስቲክ ቋጥረው ፀሐይ ላይ ያቆዩት በላቸው አለችኝ። የእሷ ዝንቦችም ለመጪው ክረምት ይደርሳሉ ብላለች። ስለዚህ እታለም፣ የተዋስሽውን መጥረቢያ ለባለቤቱ መልሺ።

ይህን ለምታነብልሽ ለትልቋ ልጅሽ፣ ሳትዘይ አንብቢ በይልኝ። መንታዎቹን ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የአማትሽን ጉልበት ስሜያለሁ።

እታለም፣ ሆዴ አላስችል አለኝ። ለመጪው ክረምት አላለችም። መቼ ይደርሳል ብላት፣ እንጃ ጋሼ፣ ሣጥን ውስጥ የሠራው ጓሮ ላይ ላይሠራ ይችላል፣ ቢሠራም ለመልቀቅ ፈቃዱ ስንት ዓመት ይፈጃል ነው ያለችኝ። በሌላ ሰው እጅ አስጽፌው ቢሆን ጸሐፊው ነው እልሽ ነበር። ክረምቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከባልዲና መወልወያ ማስቀመጫው ክፍል፣
ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን