ባሪቴ፣ ስለ ፍርሃትሽ ለሽማግሌዎቹ የነገርኳቸው

ለልጆቼ እናት ለባሪቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ አልልሽም፤ ያለሽበት አገር እንዴት እንደሚሰነበት አላውቅም። አንቺ ከሄድሽ ሁለት ክረምት ወጣ፣ ሦስተኛውም በር ላይ ደርሷል። እኔ ደህና ነኝ። ዳገት ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል እንጂ ዓይኔም ጥርሴም አሉ።

ይህን የሚጽፍልኝ ዲላ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፈው አቶ ተሰማ ነው። ከመንደራችን ከአሪቻ የቡና መኪና ላይ ተጭኜ የመጣሁት ለዚሁ ነው። “ለሞተ ሰው ጽፌ አላውቅም” አለኝ። “እንግዲያው ዛሬ ታውቃለህ” አልኩት። መጀመሪያ “አመልካች ከዚህ በታች በዝርዝር እንደማመለክተው” ብሎ ጀመረልኝ፤ አንብቦ ሲያሰማኝ አስቀደድኩት። ሚስቴን የምከሳት ነገር የለኝም። ያልኩትን ጻፍ፣ ያላልኩትን ተው ብዬዋለሁ። አማርኛው ሲያጥረኝ በእኛ ቋንቋ እነግረዋለሁ፤ እዚሁ ያደገ ሰው ስለሆነ ያቃናዋል።

ቤቱን በአዲስ ቀርከሃ አሠርቼዋለሁ፤ አሁን አያፈስም። ትልቁ ልጃችን እዚህ ዲላ የቡና መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ጫማ አድርጓል፣ ወፍሯል። የባለርስቱ ሰው ዘንድሮም እየዞረ መጥቶ ነበር። ማሳችንን አይቶ “ይሄ ሁሉ እንሰት የማን ነው?” አለኝ። የባሪቴ ነው አልኩት። “እሷስ የት ናት?” አለ። “ሥሩ ናት” አልኩት። በቅሎውን አዙሮ ሄደ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ልንገርሽ። የመጨረሻ ልጃችንን ታደለችን ከዱመርሶ መንደር ለጋብቻ ጠየቋት። ልጁ ደምሴ ይባላል። ሥራ የማይፈራ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ፣ የአባቱን ቡና የሚያደርቅ ልጅ ነው። ገበያ ላይ ተያይተው ኖሯል። እሷም ወዳዋለች፤ ስሙ ሲነሳ እንጨት ልትለቅም ትወጣለች፣ እንጨቱ ግን ቤት ሞልቷል።

ችግሩ አንቺ ነበርሽ። እንግዲህ ከሞትሽ በኋላ አልዋሽሽም። ታደለች አንቺን ወጥታለች። መልኳን አይደለም፤ መልኳ የእኔ ነው፣ በዚያ አልከራከርም። ጭንቀቷን ነው። እንደ አንቺ የእንሰት መቁረጫ ቢላዋዋን ፍም ውስጥ ከትታ እስኪጠቁር ትጠብቃለች። በአመድ ታጥበዋለች፣ ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። የቆጮውን ጉድጓድ ከድና፣ ድንጋይ ጭና፣ መንገድ ከጀመረች በኋላ ድንጋዩ መኖሩን ለማየት ትመለሳለች። አንቺና እኔ ለይርጋጨፌ ገበያ ወጥተን ሦስት ጊዜ ተመልሰን ገበያው የተበተነበትን ቀን ታስታውሺያለሽ? እኔ ያን ቀን ስሳደብ የዋልኩትን እንኳን አልረሳሁም።

ሴቶቹ ደቦ ላይ ምን ይሉሽ እንደነበር አውቃለሁ። አንዷ ታበድራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፤ ቢላዋ በእኛ አገር እንደ ውሃ ነው፣ ከቤት ቤት ይሄዳል። አንቺ ብቻ አታበድሪም፣ አትበደሪም። “ባሪቴ፣ ቢላዋሽን ዛሬስ ትኩሳቱ ለቀቀው?” እያሉ ይስቁብሽ ነበር። አንቺ ሥራሽን ትቀጥያለሽ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ቃሊቻ ዘንድ ወሰድኩሽ። ጭስ ውስጥ አስቀምጦሽ ዋለ፤ እያሳለሽ መጥተሽ የመጀመሪያ ሥራሽ እሳት አንድደሽ ቢላዋውን መክተት ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ ቢላዋሽን ነጥቄ ገደል ወረወርኩት። “እብድ ናት፣ አትስሟት” አልኳቸው። አንቺ እሾኹን እየገለጥሽ ወርደሽ አመጣሽው፤ ክንድሽ ደምቶ ነበር። እኔ እንግዶቹን ማጫወት ቀጠልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አቶ ተሰማ ብዕሩን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። ጻፍ አልኩት።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። የእንሰቱ የመኻል ቅጠል ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፋ። ግንዱን ሲቆርጡት መግል የመሰለ ነገር ያዥ ነበር። ጎረቤቶቻችን የታመመውን በቆረጡበት ቢላዋ ጤነኛውን ይቆርጣሉ፤ ያንኑ ቢላዋ ለጎረቤት ያውሳሉ። ማሳው ከላይ እስከ ታች እንደተገረፈ ሰው ተኛ። የእኛ ብቻ ቆመ። ሰው መድኃኒት ደብቀዋል አለን። አንቺ ግን ያን ዓመት ጉድጓድሽን ከፍተሽ የሳቁብሽን ሴቶች ሁሉ ቆጮ መገብሻቸው፤ ቢላዋውን ግን ያኔም አላበደርሽም!

እኔም አልገባኝም ነበር። የገባኝ ዘንድሮ ነው። ባርኔጣ ያደረገ የእርሻ ሰው መጥቶ ዛፍ ሥር ሰበሰበንና “በሽታውን ከማሳ ማሳ የሚወስደው ቢላዋችሁ ነው፤ በእሳት እያቃጠላችሁ ሥሩ” አለን። ሴቶቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ለአንቺ ማን ነገረሽ? ማንም። ፍርሃትሽ ነው የነገረሽ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ሳመላልሰው ከረምኩ። ዶሮዎቻችንን ቁጭ ብዬ አየሁ። አንዷ ጥላ ባለፈ ቁጥር ትሮጣለች፤ የደመና ጥላም ይሁን የቅጠል። ሌላዋ ደልዳላ ናት፣ እህሏን በሰላም ትለቅማለች። ፈሪዋ መቶ ጊዜ በከንቱ ብትሮጥ የሚቀርባት ጥቂት ፍሬ ነው። ደልዳላዋ አንድ ቀን ሳትሮጥ ቀረች፣ ጭልፊት ወሰዳት። ጫጩት የፈለፈለችው ፈሪዋ ናት፤ ጫጩቶቿም በጥላ ይሮጣሉ። እንግዲህ ፍርሃት ጉዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘሩ ድሮ ይጠፋ ነበር። ያልጠፋው አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ነፍስ ስለሆነው ነው። ይህን የነገረኝ ቄስም ሆነ ፓስተር የለም፤ በራሴ ጭንቅላት ያገኘሁት ነው። አቶ ተሰማ “ጋሼ፣ ይሄ ጋኔን ነው እንጂ ዘር አይደለም” ይለኛል። ጋኔን እንሰት ሲያድን አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። መጻፉን ቀጠለ።

የደምሴ ቤት የላካቸው ሽማግሌዎች በዚያው ሰሞን መጡ። ሦስት ናቸው። ትልቁ ዳካ የሚባል ምላሱ ምላጭ የሆነ ሽማግሌ ነው። አጠያየቁን ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ አባትህ ማን፣ የአባትህ አባት ማን ይባላል፤ ከዚያ ወደ በሽታው ይኬዳል። ጠዋት ጎረቤታችን ሹክ ብሎኝ ነበር፤ “ሁሉንም ‘የለም’ በል። አንዲት ቃል ናት፣ ልጅህን አትቅበራት” ብሎ። ታደለች ከቀርከሃው ግድግዳ ጀርባ ሆና እየሰማች ነው፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

“ሥጋ ደዌ አለ?” የለም አልኩ። “የሚጥል በሽታ?” የለም። “እብደትስ?”

የሚመልሰው አፌ እንግዶች ፊት እብድ ናት ያልኩበት አፍ ነው። አሁን አለ ብል ዋሸሁ፣ የለም ብዬ ዝም ብልም ሁለተኛ ገደል ወረወርኩሽ ማለት ነው። “እብደት የለም፤ ፍርሃት አለ” አልኳቸው። “ከእናቷ ነው፤ ልጄም አላት፣ የልጅ ልጄም ይኖረው ይሆናል። ያቺ እናቷ በዚያ ፍርሃት ይሄን ማሳ አቁማ ይሄን ሰፈር አብልታለች። የምትፈልጉት ያልፈራ ዘር ከሆነ ሌላ ቤት ሂዱ።” ዶሮዎቹንም ነገርኳቸው።

ዳካ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ “ሰውዬው የዶሮ ዘር ነኝ እያለን ነው” አለ። ሳቁ። “አንተስ ከምን ዘር ነህ?” አልኩት። “ነብር ጫካውን ሞልቶት በነበረ ጊዜ አያቶችህ ቁጭ ብለው ያዩት ከነበረ፣ አንተ ከየት መጣህ?” እሱ እንኳን ትንሽ ሳቀ፣ ግን ቶሎ መለሰው።

ፍርሃት ጥሩ ነው ብዬ አልቀጠፍኩም፣ ይህን እወቂልኝ። እጅሽ በውሃና በአመድ ተሰነጣጥቆ ደም ሲወጣው አይቻለሁ። የእህትሽን ለቅሶ ጉድጓዱን ትቼ አልሄድም ብለሽ ቀርተሽ፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ ያለቀስሽውን አይቻለሁ። ዘበኛ ነው ያልኳቸው። ደህና ዘበኛ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፤ የአንቺ ግን ቅጠል ሲወድቅም ይጮህ ነበር። ነብሩ ከጫካው ካለቀ ቆይቷል፤ ለዘበኛው የነገረው ሰው ግን የለም።

ሽማግሌዎቹ ያቀረብኩላቸውን ቡና ሳይጨርሱ ተነሱ። “እንነጋገራለን” አሉ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን።

ታደለች አራት ቀን አላናገረችኝም። ምግቤን ታስቀምጥና ትወጣለች። እኔም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንቺ ያለብኝን ልክፈል ብዬ ልጄን አበላሸኋት እንዴ አልኩ። በአምስተኛው ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። “አባዬ፣ ‘የለም’ ብትላቸው ኖሮ ዕድሜ ልኬን እዚያ ቤት ስደበቅ እኖር ነበር” አለችኝ። እንዲህ ያለውን አነጋገር ከማን እንደወሰደች አላውቅም፤ ከእኔ ይሆናል።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የደምሴ እናት ብቻዋን መጣች። ትከሻዋ ሰፊ፣ አረማመዷ የወንድ ነው። ሰላምታዋን እየሄደች ሰጥታኝ በቀጥታ ማሳው ውስጥ ገባች። እነሱ ዘንድ እንሰቱ ዘንድሮ መጠውለግ ጀምሯል። የእኛን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ አንዱን ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ ታደለች ከየት መጣች ሳይባል መኻል ገባች። “እማዬ፣ ከታመመ ማሳ ነው የመጡት፤ መጀመሪያ ይታጠቡ” አለቻት። ከመንገዱም አልተነሳችም። እኔ አለቀ፣ ይሄ ጋብቻ እዚሁ ተቀበረ አልኩ።

ሴትዮዋ ቆማ ብዙ አየቻት። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ታጠበች። ሁለት ጊዜ። ታደለች ሦስተኛ ውሃ ልትቀዳ ስትጎነበስ ያዘቻትና ቁጭ አደረገቻት፤ እሷም አጠገቧ ቁጭ አለች። ያለችውን ከነቃሉ ላስጽፍልሽ። “ልጄ፣ እኔ የቡናውን ማከማቻ በር ዘግቼ ከሄድኩ በኋላ እመለሳለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባለቤቴን ‘ዕቃ ረሳሁ’ እያልኩ ነው የምመለሰው። እስከ ዛሬ ‘ሚስቴ ዝንጉ ናት’ ይላል። የአባትሽን ነገር ዳካ እየሳቀ ሲያወራ ሰምቼ ነው የመጣሁት።” ከዚያ “ሁለት ጊዜ ታጠቢ፤ ሦስተኛውን እኔ አይልሻለሁ። አንቺም የእኔን በር ታይልኛለሽ” አለቻት።

ታደለች ሳቀች፣ ባሪቴ። ያ ሳቅ ወደ ልቅሶ ዞሮ እንደገና ሳቅ ሆነ። እኔ ፍየሎቹን ላይ ብዬ ወጣሁ።

ሠርጉ ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ነው። ዳካም ይመጣል፤ የሚታረደውን በሬ እኔ እንድባርክ ጠይቆኛል፣ ሽንፈቱን የሚያምን ሰው ነው። ልጅቷ አሁንም ትጨነቃለች፣ ዳነች አልልሽም። ግን ከመንገድ ስትመለስ ከእንግዲህ ለማንም ምክንያት አትሰጥም። “ድንጋዩን ላይ ነው” ብላ ትሄዳለች፣ አይታ ትመጣለች፣ መንገዱም ይቀጥላል። ስትመለስ ቁሜ እጠብቃታለሁ። አንቺን ቁሜ ጠብቄሽ አላውቅም፤ ቀድሜሽ እየሄድኩ ነበር የምጮህብሽ።

ልብሽ ይረፍ። የእኔ ልብ ዘንድሮ አርፏል፤ ሆዴም ደህና ነው፣ ማሳውም ቆሟል።

የማስታውስሽ በእንባ አይሆንም፤ ለእንባ ዓይኔ ደርቋል። ታደለች የምትወልደው ልጅ አንድ ቀን ሮጦ እግሬ ሥር ይወሸቃል፣ ምንም ነገር በሌለበት አንድ ነገር አየሁ ይለኛል። ያን ጊዜ ምንም የለም፣ ዝም በል አልለውም። ምን እንዳየ እጠይቀዋለሁ። ጉልበቴ እሺ ቢለኝም ባይለኝም ተነሥቼ፣ እሱ ያመለከተኝ ድረስ ሄጄ፣ አይቼለት እመለሳለሁ።

ባልሽ