ለማማ የማይነበብ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ጌታ ይመስገን፣ እኔ ደህና ነኝ። አንቺስ? የማማ ጉልበትስ ተሻላት? ውሃው ሞልቶ ቤት እንዳልገባ ፑዎት ባለ ጀልባው ሲነግረኝ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። እናንተ ጋ ማታር ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንት ስላለፈ በወረቀት መጣሁ። ማማንም፣ ጎረቤቱንም ሁሉ ሳሚልኝ።

እህቴ፣ እንደ ልማድሽ ጮክ ብለሽ እያነበብሽላት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ላይ አቁሚ። ሰላም ብላለች፣ አለቀ በያትና ቀሪውን ለብቻሽ አንብቢው።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ለመሙላት ሁለት ሳምንት እንደቀራችሁ ጽፈሽልኛል። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሞልተሽ እንደ እኔ ግድብ ላይ እንደምትሠሪ ሳነብ እውነቱን ልነግርሽ ቆረጥኩ። እኔኮ ግድብ ላይ አልሠራም! ማማ ግድግዳ ላይ በሰቀለችው ፎቶ ያደረግኩት ቢጫ ሄልሜት፣ ተማሪ ሆነን የአልዌሮን ግድብ ልንጎበኝ የሄድን ቀን ከጥበቃው የተዋስኩት ነው። ከተመረቅኩ ሦስት ዓመቴ። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ሮጥኩ፤ ሁሉም የሥራ ልምድ አምጪ ይላል። ከየት አባቴ ላምጣው! አሁን ሙሄ የሚባል ነጋዴ ሱቅ የውሃ ፓምፕ እሸጣለሁ፣ የተበላሸውንም እጠግናለሁ። የግድብ ሥራ ቢሮ ገባሁ ያልኳችሁ አፍሬ ነው። ማማ ለምርቃቴ ያን ሁሉ ሰው ጠርታ እንዴት ልንገራት?

ሙያው መጥፎ ነው አላልኩሽም። እኔን አይተሽ አትምረጪ ነው የምልሽ። እኔ የመረጥኩት ኢንጂነር ሲሉኝ ደስ ስለሚለኝ ነበር። ኢንጂነር ጠዋት ገብቶ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ፓምፕ ስፈታ ግን ምሳዬን እረሳለሁ፤ ይህን ያኔ ባውቅ ሌላ መስክ እሞላ ነበር። አንቺ ደግሞ የጎረቤት ልጅ በታመመ ቁጥር አዝለሽ ጤና ጣቢያ የምትሮጪ ነሽ። እስቲ ነርሷ ዘንድ ሂጂና ሁለት ሦስት ቀን አብረሻት ዋይ። ደሙንም፣ ድካሙንም እዪው። ከዚያ የፈለግሽውን ሙይ።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ፑዎት ሱቁ ድረስ መጣ። ከማማ የተላከ ጥቅል ይዟል። ስፈታው የአትክልት ማጠጫው ፓምፕ ያለቀ ጎማ ነው። ሱቁን ማን እንዳሳየው ጠየቅኩት። ማማ ናት አለኝ፤ ልጄ ሙሄ ሱቅ ፓምፕ ትጠግናለች፣ እጇ ላይ ስጥልኝ ብላዋለች። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀች አልጠየቅኩትም። ፎቶው አሁንም እንደተሰቀለ ነው ወይ አልኩት። በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርገዋለች አለኝ። ሙሄ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አዲሱን ጎማ ልኬዋለሁ፤ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ውጭ ይሁን። ደብዳቤውንም ከመጀመሪያው ጀምረሽ እስከ መጨረሻው ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

ጌታ ምርጫሽን ይምራልሽ፤ ማማንም ያቆይልን።

ታላቅ እህትሽ፣
ከሙሄ ሱቅ፣ ጋምቤላ