ሁለት ጣት የሚያስገባ ገመድ

ለልጆቼ አባት፣ ዋጫ።

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ዘንድሮ ቀለል አለልህ? ቀኝ እጅህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል ሲሉ ሰምቼ አዘንኩ፤ ከልቤ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቦንጋ ዝናቡ አላባራም፤ ጭቃው ባጃጅ አላስገባ ስላለ በእግሬ ነው የምመላለሰው።

መልእክትህ ደርሶኛል። እሁድ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ «በገመድ አሰረኝ ብላ የከሰሰችኝ ሴት ዛሬ ወዳ ልትታሰር ትሄዳለች፤ አልፈታትም» ልትል ነው አሉ። በል። እውነት ነው፣ እሄዳለሁ። ግን ነገሩን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ስማው፤ እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ወሰንየለሽ የምትባል ከአዲስ አበባ ለሥራ ተመድባ የመጣች ሴት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በቤቷ በገመድ ማሰርና መታሰር ታስተምራለች። ሁላችንም ትልልቅ ሰዎች፣ ሁላችንም ጀማሪዎች ነን። አንዳንዶቹ ለፍቅር ጨዋታ ነው የሚማሩት፤ ሕፃን አይደለሁምና ይገባኛል። እኔን የወሰደኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቋጠሮ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። ከፈለኝ የሚባል ጡረታ የወጣ ቀያሽ ገመዱን ይዞ፣ «ልሰርዎት?» አለኝ። እስክመልስ ጠበቀ። በገመዱና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። አንገት አይነካም። መቀስ ከአጠገብ አይጠፋም። የታሰረው ሰው «ፍታኝ» ካለ መጀመሪያ ይፈታል፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። አንተ በላም ገመድ ከምሰሶው ጋር ጠፍረህ በቀበቶ ስትገርፈኝ፣ ደሜ በቀሚሴ ላይ ሲወርድ፣ እኔም «ፍታኝ» ብዬህ ነበር። ሳቅህ። «ፍቺ አማረሽ? እሱን ቀብርሽ ላይ» አልከኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ እንዳለው ያን ያህል አጥርቶ ያስረዳኝ ግን የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድምህን ቢሻውን ላክህብን። ለምን እንደላክኸው አንተ ታውቃለህ፤ ከበሩ ወዲህ የሆነውን እኔ ልንገርህ። በሩን በመጥረቢያ ገንጥሎ ገባ። እጆቼ ታስረው ነበር። «እትዬ፣ በስተርጅና ጥጃ ሆኑ እንዴ?» ብሎ ሳቀና የመጥረቢያውን ዛቢያ በከፈለኝ ግንባር ላይ አሳረፈው። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ከፈለኝ ወደቀ። ደንግጬ «ፍታኝ!» ብዬ ጮህኩ። ያ ሰው፣ ደሙ ዐይኑን እየሸፈነው፣ በጉልበቱ ድሆ መጥቶ የገመዱን ጫፍ ሳበልኝ። የገዛ ግንባሩን የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ቢሻው እንደገና ሲሰነዝር ወሰንየለሽ ወንበር ጉልበቱ ላይ ሰበረችበት። የቀሩት ተረባርበው በአፍጢሙ ደፉት። ያሰርኩት እኔ ነኝ። አልዋሽህም፣ ገመዱን አንገቱ ላይ ማዞር አምሮኝ ነበር። የሸሚዙን እጅጌ ስሰበስብ ግን አንጓው ላይ የቆየ ጠባሳ አየሁ። እኔን ሳታገባ በፊት አንተው ያሳደግኸው ልጅ ነው፤ በሙቀት እንኳ እጅጌውን ሲሰበስብ አይቼው አላውቅም ነበር። የላም ገመዱ አንጓዬ ላይ የተወውን የእኔን ጠባሳ ከእሱ ጎን አስጠጋሁት። መምህር የአንድን ሰው እጅ ጽሑፍ አይስትም።

ሁለት ጣት አስገብቼ ለካሁ፤ ጠብቆ ስለነበር አላላሁለት። ያኔ ነው ቢሻው፣ ያ አንበሳ የሚያህል ሰው፣ «እትዬ፣ ይፍቱኝ» ያለኝ። ሰዉ፣ «ኧረ ፖሊስ ይምጣ! ሰው የፈነከተ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ቃሉን ሰምቻለሁ፤ ፈታሁት። አልሮጠም። ፖሊስ እስኪመጣ አንጓውን እያሻሸ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ከፈለኝ ግንባሩ ተሰፍቶ ተርፏል። ለቢሻው ትናንት ጣቢያ ድረስ ምሳ ወሰድኩለት፤ ስለ ልጅነቱ ብዙ አጫወተኝ።

እሁድ ስለ ገመዱ ንገራቸው። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ እቆማለሁ።

ወገብህን ፈጣሪ ያበርታልህ፤ እጅህንም ያርጋልህ። ስላደረግኸው ሁሉ እግዚአብሔር ይፍታህ። አንተም ፍታኝ።

የልጆችህ እናት