ለቡሬ ዳገት የታሰበው ተርቦ

ይድረስ ለወንድሜ ለሀሩን፣ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ አለይኩም። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ እናትነሽስ እንዴት ናት? ያ የወገብ ሕመሟ ተሻላት ወይስ እንደነበረ ነው? ልጆቹስ አደጉ? ትልቋ ትምህርት ቤት ገባች ብለህ ነበር፤ አላህ ያበርታልህ። እንኳን ለኢድ አደረሳችሁ፤ ጾሙ በሰላም እንዳለፈላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ የምታውቀው ነው፤ ባሮ ጎድሏል፣ ወባውም ረገብ ብሏል። አባባም ደህና ናቸው። አልጠየቅኸኝም፤ ግን ደህና ናቸው።

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፣ እንደገና ጀምሬም ቀድጄዋለሁ። የሱፍ ትንሽ ይብረድልሽና ጻፊ ብሎኝ ነበር። ባሌን ታውቀዋለህ፣ ሰው ማስቀየም አይወድም። እኔ ግን አዝዬ ያሳደግኩህ ታላቅህ ነኝ፤ አንተን ለመናገር የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም። ደግሞም አልበረደልኝም፤ እንዲሁ እየጻፍኩ ነው።

ረስተኸው እንደሆነ ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። መንግሥት ሲለወጥ፣ ከወሎ አምጥተው እዚህ ያሰፈሩት ሰው ወዳገሩ ሲጎርፍ፣ አንተም አብረህ ሄድክ። አባባ ወባ ጥሏቸው ነበርና መንገድ አልቻሉም፤ እኛም እሳቸውን ይዘን ቀረን። ስትሰናበት እጃቸውን ይዘህ፣ ቤት ልሥራ እንጂ መጥቼ እወስድዎታለሁ አልካቸው። ከዚያ ወዲህ አባባ እዚህ የኖሩት እንደ እንግዳ ነው። ጓሮው ላይ ማንጎ እንትከል ስንላቸው ለማን ብላችሁ ይላሉ። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ደግሞ በየቦታው ቢሮ ተከፍቷል፣ ሰዉም እርስ በርሱ ክልልህ የት ነው መባባል ለምዷል። አባባ ሲጠየቁ ቀና ብለው ወሎ፣ ልጄ ዘንድ ይሉ ነበር። ሲሉት ደስ ይላቸው ነበር።

የሱፍ ያቺን ስምንት ሲሊንደር የሩሲያ የቤንዚን የጭነት መኪና ሲገዛ ነገሩ ሁሉ የተቃና መስሎን ነበር። አባባን ከነጓዛቸው ጭነን ኮምቦልቻ እንገባለን፣ እኛም እዚያው ጭነት እንሠራለን አልን። ከዚህ ወደ ጎሬ በሚያወጣው የቡሬ ዳገት ላይ ምን እንዳሳየችን ጽፌልሃለሁ። ግማሽ ጭነት ይዛ በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት፣ ውኃዋ ሲፈላ፣ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ከጎማው ሥር ድንጋይ ስወሽቅ ዋልኩ። አንተ የጋራዥ ሰው ነህና ይኼማ መላ አለው አልክ። ደጋ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሯ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ተርቦ ግን በገዛ ጭሷ እየተሽከረከረ አየር ይግታታል ብለህ እንደ አስተማሪ አስረዳኸን። ሲሊንደሮቿ ግራና ቀኝ አራት አራት ቢሆኑም ሁለት ተርቦ ከማለት አንዱ ይበቃል፣ የሁለቱን ወገን የጭስ ቧንቧ አገናኝተን ወደ አንዱ እናስገባዋለን አልክ። ተርቦውንም በጆንያ ጠቅልለህ በጨው ጫኝ ሾፌር ላክህልን። አባባ ጆንያውን ታቅፈው ነው የተቀበሉት። ውስጡ ምን እንዳለ አላወቁም፤ የሚያውቁት መሄጃቸው መሆኑን ብቻ ነው።

ከዚያ እቅዱ መጣ። መጀመሪያ በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል ምን ያህል ክፍተት እንዳለ ለኩልኝ አልክ፤ ለካን። ቀጥሎ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ያለውን ርቀት በክር ለክታችሁ ክሩን ላኩልኝ አልክ፤ የእኔ እጅ ቀጭን ነው ተብሎ መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ለክቼ ላክሁልህ። ከዚያ ደግሞ ቤንዚን እንደ ናፍጣ አይደለም፣ አየር ሲበዛበት ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፒስቶን ይበሳል፣ ስለዚህ የሞተሩ ክዳን ቴስታታው ተነሥቶ፣ ግፊቱ እንዲቀንስ ከሥሩ ወፍራም ማሸጊያ ጋርኒሲዮን ይግባ አልክ። ሞተሯን ከፈትናት። ለተርቦው ዘይት የሚወስድና የሚመልስ መስመር ይሠራ አልክ፣ ካርብራተሩ ግፊቱን እንዳያፈስ ይታሸግ አልክ። ሁሉንም ጎርደን ሠራው። ጎርደን ድልድዩ አጠገብ ብየዳ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ በደብዳቤ ብቻ እያወቀህ ኢንጂነሩ እያለ ነው የሚጠራህ።

መኪናዋ ኮፈኗን ከፍታ ሁለት ክረምት ጎርደን ግቢ ቆመች። የሱፍ በሰው መኪና ላይ ተቀጥሮ አኖረን። እኛ አንዱን ስንጨርስ አንተ ሌላ ታመጣለህ፤ ራዲያተሩ አይበቃም፣ የምትቀዱት ቤንዚን ጥራት የለውም፣ የዘይቱ ግፊት እንደገና ይለካ። ደብዳቤህን ለአባባ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። ከቧንቧውና ከጋርኒሲዮኑ ወሬ አንዲት ቃል አይገባቸውም፤ ግን እስከ መጨረሻው ጆሯቸውን አቅንተው ይሰማሉ፣ ከዚያም አበቃ ወይ ይሉኛል። አበቃ እላለሁ። ለምን እንደሚጠይቁኝ አንድም ቀን አላሰብኩም። ለካ ስማቸው እስኪነሣ ይጠብቁ ኖሯል። የራዲያተሩን ጤና ጠይቀሃል፣ የዘይቱን ጤና ጠይቀሃል፤ አባቴ እንዴት ናቸው ሳትል ስንት ደብዳቤ እንደጻፍክ ታውቀዋለህ? እኔ ልብ አላልኩም። እሳቸው ግን ልብ ብለዋል።

ረመዳን ሊገባ ሲል የመጣው ደብዳቤህ ቆሽቴን አሳረረው። ሁሉም አልቆ፣ ተርቦውን መግጠም ብቻ ሲቀር፣ እንዳትገጥሙት፣ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ እኔ በዓይኔ ሳላየው አይሆንምና መልሳችሁ ላኩልኝ አልክ። ኤዲያ! የሱፍን ግጠመው፣ ቢፈነዳም ይፈንዳ አልኩት። ጎርደን ኢንጂነሩ ይቆጣል እያለ ሲያንገራግር ቆይቶ ብሎኑን አጠበቀ።

ሀሩን፣ እቅድህ ልክ ነበር። ቅንጣት አልተሳሳትክም። በቆሎ እስከ አፏ ጭነን ወጣን። ዳገቱ ሲጀምር ተርቦው ያፏጭ ጀመር፤ የሱፍ ወደ አንደኛ ማርሽ ሊመልሳት እጁን ዘርግቶ ነበር፣ ሳያስፈልገው ቀረና ብቻውን ሳቀ። እኔም ድንጋዬን ጭኔ ላይ ይዤ፣ አንዴም ሳልወርድ ቡሬ ገባሁ። ገበያው መሐል እልል አልኩ፤ ሰው ሙሽራ ያመጣን መስሎት ነበር። ወላሂ ያን ጊዜ ሁሉንም ይቅር ብዬህ ነበር። እጁን ይባርክልኝ ብዬ ዱዓ አደረግኩልህ።

ኢድ እንዳለፈ ጓዙን ጫንን። የአባባ አልጋ፣ ሳጥናቸው፣ መስገጃቸው፣ ሁሉም ተጫነ። ጎረቤት ለስንብት ተሰብስቧል። አባባ በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ አልነሣም አሉ። ያመማቸው መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ግንባራቸውን ዳሰስኩ። እጄን ያዙኝና ሰው እንዳይሰማ ዝቅ አድርገው፣ “ሺታዬ፣ መኪናዋ ትንፋሽ አጥሯት አይደለም የቆመችው። ወንድምሽ ደጁ እንድደርስበት አይፈልግም” አሉኝ።

ስለ አንተ ተሟገትኩ። እፈር እንግዲህ፣ እኔ ነኝ የተሟገትኩልህ። ተርቦውን ማን ላከው፣ ይህን ሁሉ ማን አሰበ አልኳቸው። መጀመሪያ ልቡ ነበረበት አሉ። ከዚያ ልጅ ሳለህ እንጨት ፍለጥ ሲሉህ ሳትፈልጥ ፋስ ስትስል ትውል እንደነበር ነገሩኝና ሳቁ። እምቢ ማለት አይችልበትም፣ ሥራ ያበዛል እንጂ አሉ። የሚያስከፋኝ ይኼ ሳቃቸው ነው፤ ቢረግሙህ ይሻለኝ ነበር። ጓዙ ይውረድ አሉ፣ ወረደ። ጎርደንም አልጋውን በአንድ ወገን ይዞ ወደ ቤት መለሰልን።

ቤት ጠቦህ ይሆናል። ኑሮ ከብዶህ፣ ወይ እናትነሽ ከፍቷት ይሆናል፤ አልፈርድም፣ ቤትህን አላየሁትም። ግን አልችልም ብለህ አንዲት መስመር ብትጽፍልኝ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፣ አባባም ቁርጣቸውን አውቀው እዚሁ አገር ይለምዱ ነበር። አንተ ግን ሽማግሌ ሰው ሁለት ክረምት ሙሉ ጓዝ ሲያሰናዳ እያወቅህ ክር ላኩልኝ ትላለህ። ይኼን ለጠላት አያደርጉትም። መኪናዋን አትጠብቃት። የሱፍ ከጎሬ ቡና መጫን ጀምሯል፤ ተርቦህ እንጀራ ሆኖናል፣ ሐቅህን አልክድም።

ለእናትነሽ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ብታነብላትም ባታነብላትም እንደ ወደድክ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ አያት እንዳላቸው የሚያውቁ ከሆነ ደህና ናቸው በላቸው። የሱፍ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል፤ አልተቀየመህም፣ እሱ እንዲህ ነው። ጎርደንም ለኢንጂነሩ ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ምንም አልነገርኩትም። አባባም ሰላም ብለውሃል። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ልጄ እንዳያፍር፣ መኪናዋ ዛሬም የቡሬን ዳገት አልወጣ ብላለች ብለሽ ጻፊለት አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ትወጣለች።

ታላቅ እህትህ ሺታዬ
ጋምቤላ፣ የካቲት 19 ቀን 1988 ዓ.ም.